መንገድ ያዋጣል የሚባለው በምን ተሰልቶ ነው?

አንድ ነጋዴ መጋዘን ከመግዛቱ በፊት ዋጋውንና የሚገኘውን ኪራይ ያነጻጽራል። መኪና በነጻ የሚያልፍበትን መንገድ የሚሠራ መንግሥት ግን ገቢው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ረጅም ዘመን ካሳለፉት አገሮች አንዷ ብሪታንያ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1960 የታተመው የለንደን-በርሚንግሃም አውራ ጎዳና ጥናት፣ ተጓዡ የሚያተርፈውን ሰዓትና የአደጋውን መቀነስ በገንዘብ ተምኖ እንደ ገቢ ቆጠረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሚኒስቴሩ "ኮባ" የተባለ የኮምፒዩተር ስሌት አወጣ። ሁሉም መንገድ በአንድ ሚዛን እንዲለካ ተደረገ ማለት ነው። ደላሎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ በመንገዱ ዳር ያለ ቤትና ቦታ ዋጋው ቢንርም ጭማሪው በሰዓቱ ጥቅም ላይ አይደመርም። ያው ጥቅም ነውና ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ዋናው ጭቅጭቅ ያለው የወደፊቱ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ በሚመለስበት የቅናሽ መጣኔ ላይ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኝ የ100 ሚሊዮን ፓውንድ ጥቅም በ10 በመቶ ሲቀነስ ዛሬ 5.7 ሚሊዮን ብቻ ያወጣል። በ6 በመቶ 17.4 ሚሊዮን፣ በ3.5 በመቶ ደግሞ 35.6 ሚሊዮን ይሆናል። የብሪታንያ ግምጃ ቤት በ2003 መጣኔውን ከ6 ወደ 3.5 በመቶ ሲያወርድ፣ አንድ ድንጋይ ሳይነሳ የሩቅ ዘመኑ ጥቅም በወረቀት ላይ እጥፍ ሆነ። ስለዚህ "ያዋጣል" የሚል ጥናት የቀረበለት ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መጣኔው ስንት እንደሆነ ነው።

መመሪያው በራሱ ጊዜ አልተሻሻለም፤ ተቃውሞና ስህተት እየገፉት ነው። የቆየው ስሌት መንገድ ቢሠራም ባይሠራም የመኪናው ብዛት ያው ነው ብሎ ይነሳ ነበር። በ1994 የመንግሥቱ አማካሪ ኮሚቴ አዲስ መንገድ አዲስ መኪና እንደሚጠራ አረጋገጠ። መንገዱ ቶሎ ከተጨናነቀ ደግሞ ይተርፋል የተባለው ሰዓት ይሳሳል። በ1998 የወጣው አሠራር ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን አካባቢን፣ ደህንነትንና ተደራሽነትን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አሰፈረ።

የቀረው የተስፈኛ ግምት ነበር። ባለፕሮጀክት ወጪውን ማሳነስ ይወዳል፤ ይህ በየትም አገር ያለ ነው። በ2004 ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የተዘጋጀው መመሪያ ያለፉ ፕሮጀክቶችን መዝገብ መሠረት አድርጎ ማካካሻ ወሰነ። ወጪው ከበጀቱ የማለፉ ዕድል ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ከተፈለገ በመንገድ ግምት ላይ 32 በመቶ፣ በባቡር ላይ 57 በመቶ ይጨመር ነበር። 1 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃል ተብሎ የቀረበ የባቡር መስመር በ1.57 ቢሊዮን ይመዘን ነበር።