ለማንኪራ ደራሲ ቀብድ መክፈል

በካፋ ዞን፣ ማንኪራ ወይም ቦንጋ ውስጥ ቀን በጉልበት ሥራ ውሎ ማታ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጨንቀው ማተሚያ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ነው። አሳታሚ የሌለው ደራሲ ወረቀቱንም፣ ኅትመቱንም፣ ጭነቱንም ከኪሱ ይችላል፤ ማተሚያ ቤቱም ቀብድ ሳይዝ ሥራ አይጀምርም። ስለዚህ ልታግዙት ካሰባችሁ ከምረቃው በፊት ድረሱለት። የምረቃ ጭብጨባ ዕዳ አይከፍልም።

መጀመሪያ ጊዜ ስጡት። በብዕሩ ብቻ ለመኖር ከደፈሩት ቀዳሚዎች አንዱ አቤ ጉበኛ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚደፍር ጥቂት ነው። በካፋ የቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይደራል፤ ያኔ ረቂቁ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ጎረቤት አንድ ቀን በደቦ ወጥቶ ቡናውን ቢለቅምለት ለቀሩት ምዕራፎች ፋታ ያገኛል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ወዳጆች የጥቂት ቀን ደመወዙን አዋጥተው ይስጡት።

የመጽሐፉን ዋጋ አስቀድመው ከሚከፍሉ አንባቢዎች ቀብዱን መሰብሰቢያውም የቡና ለቀማው ወቅት ነው፤ የቡና ብር ከቤት ሳይወጣ። ክረምት ላይ የተጠየቀ ሰው ቢሰጥም እየከበደው ነው። መዝገቡን ራሱ ደራሲው አይያዝ፤ መለመን ያሳፍረዋል፣ ሐሜትም ያመጣል። የእድር ገንዘብ በመያዝ የታመነ ሰው ምረጡ። እሱ ከማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ያስመጣ፤ ስም፣ የቅጂ ብዛትና የተከፈለውን ብር ይመዝግብ፤ ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር በቀጥታ ለማተሚያ ቤቱ ልኮ ደረሰኝ ይያዝ። መጽሐፉ ቢዘገይ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ፣ ካልታተመም ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ከፋዮች ሁሉ የሚፈርሙበት ወረቀት ይኑር። የሽፋን ዋጋው 300 ብር ቢሆን መቶ ከፋይ 30,000 ብር ያስገኛል፤ ለሁሉም ባይበቃ እንኳ ቀብድ ይሆናል። ከፋይ ሲበዛ የኅትመቱም ብዛት ይጨምራል፣ የአንዱ ቅጂ ወጪም ይቀንሳል፤ የገጽ ቅንብሩና የማሽን ዝግጅቱ ለመቶም ለሺህም ያው ነውና።

ረቂቁን ሁለት ሰው ያንብበው። በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ የተጻፈ ከሆነ ይህን አትዝለሉት፤ ቋንቋው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ያለው ጸሐፊ ፊደሉን ቢለቅመውም ቃሉን አያውቀውም፣ ስህተቱም አይታየውም። የቦንጋ መምህር ግን በአንድ ምሽት ብዙ ስህተት ይለቅማል።

ከታተመ በኋላ በጅማ በኩል ለሚመጣው አውቶቡስ ጭነቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ስጡ። ካፋ ዝናቡ አይታመንም።

ስትገዙ ከእጁ ግዙ፤ አከፋፋይና ሻጭ ከሽፋን ዋጋው ላይ የሚያነሱት ድርሻ ለእሱ ይቀራል። «ለእኔማ በነፃ ፈርምልኝ» የሚል ወዳጅ፣ በግልጽ ልናገርና፣ ከማያነብ ጠላት የበለጠ ያከስረዋል። እንዲያውም ወዳጅ ሁለት ገዝቶ አንዱን ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይስጥ። ቦንጋ የቡና ሙዚየም ለማየት፣ ማንኪራ ደግሞ የቡናን መገኛ ለመጎብኘት የሚመጣው እንግዳ ቅርጫትና ማር ይገዛል፤ ከአጠገቡ መጽሐፍ ቢያገኝ የማይገዛበት ምክንያት አይታየኝም። የቡና መሸጫ ባለቤቶችን ጠይቁና ከመደርደሪያቸው ጥግ ያውሱት።

በቴሌግራም ፒዲኤፍ ሲደርሳችሁ ለሌላ አታስተላልፉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ የደራሲን መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ትረካ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር የሐዲስ ዓለማየሁን ታሪክ አወቀ። ድምፅ ያለው ልጅ ካላችሁ ደራሲውን አስፈቅዶ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይተርክ፤ ቀሪውን የፈለገ መጽሐፉን ይግዛ።

መጨረሻ ላይ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን በከፋዮች ፊት ያንብብ። የተረፈው የደራሲው ነው። ለሁለተኛው መጽሐፍ ያስቀምጠው ወይም ለልጆቹ ዩኒፎርም ያውለው፣ የሚወስነው እሱ ነው፤ እናንተ አትምከሩበት።