ሞተር ዘይት ሲበላ፦ መንስኤውን መፈለግና ማስተካከል



ከመካከላችን በገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ እርሻዎች በትራክተር ነጂነት፣ በሾፌርነት፣ በወርሻ ረዳትነትና በወፍጮ ሥራ የሚተዳደሩ ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ወገኖቻችን ሞተር እንጀራ ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ዘይት ስለሚያጎድል ሞተር ይሆናል።

ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሠራተኞችን በፒክአፕ የሚያመላልስ አንድ ጎረቤቴ ችግር ገጠመው። በየሳምንቱ ዘይት ይጎድላል። ባለመኪናው «ዘይቱን እየሸጥክ ነው» አለው። ወርሻ ሲወስደው ደግሞ «ሞተሩ ይውረድ» ተባለ። ስደተኛ በሰው አገር በሌብነት ከተጠረጠረ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያጣል። ነገሩ እንዴት እንደተፈታ መጨረሻ ላይ እናያለን።

1. ምን ያህል ሲጎድል ነው የሚያሳስበው?

ማንኛውም ሞተር ጥቂት ዘይት ያቃጥላል። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን ይቀራል፤ ከዚያም ጥቂቱ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። አንዳንድ ፋብሪካዎች በ1,000 ኪ.ሜ. እስከ 1 ሊትር የሚደርሰውን እንኳ በወሰን ውስጥ ይቆጥሩታል፤ ጤነኛ ሞተር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ይጨርሳል። ዋናው ምልክት ለውጡ ነው። ቀድሞ በ3,000 ኪ.ሜ. 1 ሊትር ይጨርስ የነበረ ሞተር አሁን በ800 ከጨረሰ መንስኤ አለው።

በግምት አትናገሩ፤ ለኩ። መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሙ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መለኪያውን አውጥታችሁ ጥረጉት፣ መልሳችሁ ክተቱና አንብቡ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የጨመራችሁትን መጠን በደብተር ጻፉ። ለትራክተርና ለወፍጮ በኪሎ ሜትር ፈንታ የሥራ ሰዓት ይመዝገብ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ፤ ትርፉ ዘይት በክራንኩ እየተመታ አረፋ ይሆናል፣ በመተንፈሻውም ይወጣል።

2. ይፈሳል ወይስ ይቃጠላል?

ከማንኛውም ነገር በፊት ይህን ለዩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በናፍጣ አጥባችሁ አድርቁት። ሌሊቱን ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ። ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ፣ በጉዞ ጊዜም ነፋስ ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ ምንጩን ከርጥቡ ቦታ ከፍ ብላችሁ ፈልጉ። የማፍሰሻውን ቡሎን፣ ፊልትሮውን፣ የላይኛውን ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ኮፓውን፣ የክራንኩን የፊትና የኋላ ፓራኦሊዮ ተመልከቱ። አንዳንዱ ፍሳሽ የሚታየው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነውና ከጉዞ እንደተመለሳችሁም እዩ። ራዲያተሩን ግን ትኩስ እያለ አትክፈቱ። ሲቀዘቅዝ ውኃው ላይ ዘይት ከታየ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት ከመሰለ፣ ዘይትና ውኃ ተቀላቅለዋልና መኪናው አይነዳ።

3. ጢሱ ምን ይላል?

ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ጥቁር ጢስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአየር ማጣሪያ መደፈን ያመጣዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ውኃ መግባቱን ሊያሳይ ይችላል።

ሰማያዊው የሚታየው አድሮ ሲነሣ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲሰጠው ከሆነ፣ የቫልቭ ጎሚኒ ወይም መሪ አርጅቷል። ጭነት ይዞ፣ ለምሳሌ ከመተማ ወደ አይከል አቀበቱን ሲወጣ ከጨሰ ግን ፋሻውን ወይም ሲሊንደሩን ጠርጥሩ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

በቤንዚን ሞተር ኮምፕሬሽን ይለካ። ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ነው። ይህን በናፍጣ ሞተር አታድርጉ፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ፈሳሹ ሞተሩን ሊሰብር ይችላል።

4. መፍትሔው፦ ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ሀ. የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ አጽዱ። ከተደፈነ በውስጥ የታመቀው ግፊት ዘይቱን በፓራኦሊዮ በኩል ይገፋዋል።

ለ. የአየር ማጣሪያውንና የቱቦውን ማሰሪያ እዩ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ ዱቄት ይሆናል፤ በስንጥቅ የገባ አቧራ ፋሻና ሲሊንደርን እንደ ሞረድ ይበላል።

ሐ. በሞተሩ መመሪያ የተፈቀደውን ዘይት ተጠቀሙ። ቀጭን ዘይት በሙቀት ቶሎ ያልቃል። የተቃጠለ ዘይት አጣርቶ መመለስ ግን ሞተሩን መግደል ነው።

መ. የቫልቭ ጎሚኒ በብዙ ሞተሮች ላይ ሞተሩ ሳይወርድ ይለወጣል።

ሠ. ፋሻ የመጨረሻው ነው። ቴስታታው ሲነሣ ሲሊንደሩ ይለካ። ሞላላ ከሆነ ወይም ከበላ አዲስ ፋሻ ብቻውን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሬቲፊካ ወይም አዲስ ካሚቻ ያስፈልጋል። በሱዳን ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ሳትለኩ አትክፈቱ።

ማሳሰቢያ፦ የሞተር ዘይት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለመጠጥ ውኃ አይሁን። የተቀዳ ዘይት ከውኃ ነጥብና ከኩሬ አጠገብ አይደፋ።

ወደ ጎረቤቴ እንመለስ። ካርቶኑ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነበር፤ ጢስም የለም። ከጉዞ እንደተመለሰ ሲታይ ግን በኋላው ፓራኦሊዮ ዙሪያ ርጥብ ነው። የመተንፈሻውን ቱቦ ቢነቅለው በአቧራና በዘይት ጭቃ ተደፍኗል። በናፍጣ አጥቦ መለሰው። ከዚያ በኋላ የነዳውን 1,000 ኪ.ሜ. በደብተሩ መዝግቦ ለባለመኪናው አሳየው፤ መለኪያው ላይ የጎደለው እምብዛም አልነበረም። ባለመኪናው ደብተሩን ገልብጦ አየና ቁልፉን መለሰለት። ጎረቤቴ ደብተሩን እስከ ዛሬ ከመሪው ሥር አይለየውም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሞተሩ አድሮ ሲነሣ ብቻ ሰማያዊ ቢያጨስ መጀመሪያ ምን ትጠረጥራላችሁ?
2. መተንፈሻው ሲደፈን ዘይት ለምን ይፈሳል?
3. በናፍጣ ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ጨምሮ ኮምፕሬሽን መለካት ለምን አይገባም?