ህዋስን በነጠላ ልታጠና ለተነሳች ልጅ

ልጄ፣ ለማስተርስሽ ህዋሳትን አንድ በአንድ የማጥናቱን ሙያ እንደመረጥሽ ስትነግሪኝ በጣም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ላብራቶሪ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና «በርቺ» ብቻ ብዬ ብሸኝሽ አልረካም። አንቺ የአብነት ሰፈር ልጅ ነሽ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሆነ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ግቢ ከሰፈራችን የታክሲ መንገድ ነው። ያለነው ከበሽተኛው አጠገብ ነውና ምክሬም ከበሽተኛው ይጀምራል።

1. ከማሽኑ በፊት በሽታውን እወቂ። ዝሆኔን እንውሰድ። በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ትል የሚመጣውን አይደለም የምልሽ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን ነው። ይሄኛው ትልም ሆነ ጀርም የለበትም። ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሠራ ገበሬ እግሩ የሚያብጥበት በሽታ ነው። ነገር ግን አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉት ውስጥ የሚታመሙት ሁሉም አይደሉም። ለምን? ፋሲል ተኮላ አየለ እና ባልደረቦቹ ከወላይታ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባሳተሙት ጥናት መልሱን ኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት ከሚባሉት ዘረመሎች አካባቢ አገኙት። እነዚህ ዘረመሎች የሚያሠሩት ፕሮቲን ባዕድ ነገርን ቲ ሴል ለሚባለው የበሽታ መከላከያ ህዋስ የሚያሳይ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ቲ ሴል ዞረ።

ያንቺ ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቲ ሴል ባዕድ ነገርን የሚለይበት የራሱ ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩም በአብዛኞቹ አልፋና ቤታ ከሚባሉ ሁለት ሰንሰለቶች የተሠራ ነው፤ ሰንሰለቶቹ ደግሞ ከተለያየ ዘረመል ይመጣሉ። የአንድን ሕመምተኛ ህዋሳት በአንድ ላይ ፈጭተሽ ብታነቢያቸው አልፋዎቹንም ቤታዎቹንም ሁሉ ታገኛለሽ፤ የትኛው አልፋ ከየትኛው ቤታ ጋር እንደነበረ ግን አታውቂም። ጥንዱ ካልታወቀ ያ ህዋስ ምን እንዳየ መጠየቅ አይቻልም። ህዋሱን ለብቻው ማንበብ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

2. ህዋሱ ለብቻው የሚነበብበት ጠብታ ውስጥ የሚሆነውን እያንዳንዱን ነገር አጥኚ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሴል በተባለው መጽሔት አንድ እትም ላይ ሁለት ዘዴዎች ወጡ፤ አንደኛው የኤቫን ማኮስኮና የባልደረቦቹ ድሮፕ ሴክ፣ ሌላኛው የአሎን ክላይንና የባልደረቦቹ ኢንድሮፕ። በቀጭን ቦይ የሚፈሰው ውሃ ዘይት ሲያገኘው ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይቆራረጣል። አንድ ጠብታ ውስጥ አንድ ህዋስና ባርኮድ የተሸከመች አንዲት ደቂቅ ዶቃ ይገናኛሉ። ህዋሱ ይፈነዳል፣ የዘረመሎቹ ቅጂ የሆነው አር ኤን ኤው የዚያችን ዶቃ ባርኮድ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተቀላቅሎ ቢነበብ ችግር የለም፤ ኮምፒውተሩ በባርኮዱ እየለየ ለየህዋሱ ይመልሰዋል። የማኮስኮ ቡድን በዚህ መንገድ 44,808 የአይጥ ሬቲና ህዋሳትን አንብቦ 39 ቡድኖችን ለየ።

ይህ ቁጥር አያስክርሽ። ህዋሳቱ በፈሳሹ ውስጥ በጣም ሳስተው ስለሚፈሱ አብዛኛው ጠብታ ባዶውን ያልፋል፤ በጥቂቶቹ ውስጥ ደግሞ ሁለት ህዋሳት አብረው ይገባሉ። እነዚያ ሁለቱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲታዩ በዓለም ላይ የሌለ አዲስ ህዋስ ይመስላሉ። የሰውና የአይጥ ህዋስ ደባልቀሽ ሞክሪ፤ አንድ ባርኮድ የሁለቱንም ዘረመል ከያዘ ሁለት ህዋስ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህን ፍተሻ ሳታደርጊ «አዲስ ዓይነት አገኘሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ።

3. ናሙናውን አክብሪ። ደም ከእጅ ከተቀዳበት ደቂቃ ጀምሮ ህዋሱ ይለወጣል፣ አር ኤን ኤውም ይፈርሳል። ከወላይታ ሶዶ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አስቢው። የአንድ ህዋስ ንባብ ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ከመጠን በላይ ከበዛ፣ ብዙ ጊዜ ያ ህዋስ እየሞተ ነበር ማለት ነው። በኔ ግምት ጥሩ ጥናትን ከመጥፎው የሚለየው ከሁሉ በላይ ቀዝቃዛውን ሰንሰለት የሚጠብቀው እጅ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በሌሊት ተነስቶ ፍሪዘሩን የሚያየው ሰው። ያ ሰው መሆንን አትናቂ፤ ስሙንም ከጽሑፍሽ ላይ አታስቀሪ።

4. ማሽን የለም ብለሽ አትቀመጪ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ስፕሊት ሴክ የተባለው ዘዴ ጠብታ የሚሠራ ቺፕ አይፈልግም፤ ህዋሳቱን በፕሌትና በፒፔት እያከፋፈሉና እየቀላቀሉ ዙር በዙር ምልክት መስጠት ነው። ሱራትና ስካንፓይ የሚባሉት የመተንተኛ ሶፍትዌሮች በነጻ ይገኛሉ፤ ሌሎች ያሳተሙት ዳታም ብዙው ክፍት ነው። ዛሬ ማታ ጀምሪ።

5. ፈቃድ ስትጠይቂ ቁጭ ብለሽ አስረጂ። በወላይታ ከዘረመል ጥናቱ አስቀድሞ የተጠየቁ ሰዎች ሥጋታቸውን ተናግረዋል፦ በሽታው «በዘር ነው» ከተባለ በቤተሰቡ ላይ ያለው መገለል ይብሳል የሚል። ልክ ናቸው። እንግዲህ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሪያቸው፦ ተጋላጭነቱ በዘር ቢወረስም አፈሩ ቆዳ ካልነካ በሽታው አይመጣም፣ ጫማ ያደረገ ልጅ ከበሽታው ይተርፋል። ይህን ሳይረዱ የፈረሙትን ወረቀት እኔ ፈቃድ አልለውም።

6. ቀላሉን ሕክምና አትርሺ። በምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ በታተመ ሙከራ፣ እግርን በወጉ ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ የፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማንን በትኩሳት አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም በአንድ ሰው በዓመት ከ24 ጊዜ ገደማ ወደ 19 ጊዜ ገደማ አውርዶታል። የቲ ሴሉን ተቀባይ የምታነቢው ለእነዚህ ሕሙማን ነው። ስለዚህ አደራ የምልሽ፣ የመጀመሪያውን የደም ናሙና ከመረከብሽ በፊት እግር የሚታጠብበት ክሊኒክ ሂጂና አብረሽ እጠቢ።