የዶክተር ኒኮ ጊታር

ክራር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጊታርም እንደ ክራር አውታር ያለው መሣሪያ ነው። ልዩነቱ ረጅም አንገት አለው። ተጫዋቹ በግራ እጁ ጣቶች አውታሩን አንገቱ ላይ እየተጫነ ድምፁን ያቀጥነዋል፣ ያወፍረዋል፤ በቀኝ እጁ ደግሞ ይመታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ፤ የሱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

ዛሬ የምናነበው ኒኮ ካሳንዳ ስለሚባል ጊታር ተጫዋች ነው። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን። ኒኮ በ1931 ዓ.ም. ካሳይ በሚባል የኮንጎ ምድር ተወለደ። ኮንጎ ከዩጋንዳ ወዲያ፣ በስተምዕራብ ያለች ሰፊ አገር ናት። ያን ጊዜ የቤልጂክ ቅኝ ግዛት ነበረች።

ኒኮ ገና በ14 ዓመቱ ከካባሴሌ ጓድ ጋር መጫወት ጀመረ። የጓዱ ስም አፍሪካን ጃዝ ይባላል። የቴክኒክ ትምህርትም ተምሮ ለመምህርነት በቅቷል። በኋላ ሰው ሁሉ «ዶክተር ኒኮ» አለው። ሐኪም ሆኖ አይደለም፤ በጣቱ ችሎታ ነው!

ወንድሙ ዴሾም ጊታር ይጫወት ነበር። ዴሾ አንዱን ምት ሳያቋርጥ ይመላልሰዋል፤ ኒኮ በዚያ ላይ ዜማውን ያወጣል። በደቦ ሥራ ላይ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እንደሚቀበለው ማለት ነው። ተቀባይ ከሌለ አውጪው ምን ይሆናል?

በጥር 1952 ዓ.ም. የኮንጎ መሪዎች ስለ ነጻነት ለመነጋገር ወደ ቤልጂክ ዋና ከተማ ወደ ብራስልስ ሄዱ። ሉሙምባም ከእስር ተፈትቶ መጣ። አፍሪካን ጃዝም አብሮ ሄዶ ነበርና የነጻነቱ ቀን ሲቆረጥ «ኢንዴፓንዳንስ ቻ ቻ» የሚለውን ዘፈን እዚያው ተጫወተ። የመሪዎቹና የፓርቲዎቹ ስም በዘፈኑ ውስጥ ይጠራል። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ወሬውን በራዲዮ ሰማ። ሰኔ 23 ቀን ኮንጎ ነጻ ወጣች። ግን ወዲያው ብጥብጥ ተነሣ፤ የእኛም አገር ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ስም ወደዚያ ዘመቱ።

በ1955 ዓ.ም. ኒኮና ዘፋኙ ታቡ ሌ ከካባሴሌ ተለይተው አፍሪካን ፊየስታን አቋቋሙ። እነሱም ብዙ ሳይቆዩ ተለያዩ። ኒኮ አፍሪካን ፊየስታ ሱኪሳ የሚባል የራሱን ጓድ ይዞ መራ። ጊታሩን በብዙ አገር የሚኮርጁት ተነሡ።

ነገር ግን ሸክላውን የሚያወጣለት የቤልጂክ ድርጅት ነበር። እኛ ከሁሉ የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ ጣቱ የራሱ፣ ሸክላው የሌላ! በ1967 ዓ.ም. ገደማ ድርጅቱ ሲፈርስ ኒኮም ከሙዚቃው ራቀ። ያን ጊዜ ገና አርባ ዓመት አልሞላውም።

ከብዙ ዝምታ በኋላ ቶጎ በምትባል አገር ጥቂት ዘፈኖች ቀዳ። በመስከረም 1978 ዓ.ም. በ46 ዓመቱ ብራስልስ ውስጥ ሆስፒታል ሞተ። የነጻነቱን ዘፈን የተጫወተባት ከተማ ያቺው ነበረች።