«ነገ ይምጡ» የሚባለው ለምንድን ነው?
ስለ ሰው ኃይል ክፍልና ስለ መሥሪያ ቤት አሠራር

የዛሬው ትምህርታችን ብዙ ሰው «ይህማ የአለቆች ጉዳይ ነው» ብሎ የሚያልፈው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሠራሩን ላሻሽል ብሎ ሲነሳ፣ ሠራተኛ የሚቀጥረውና የሚያሠለጥነው ክፍል ምን ይረዳዋል? ጦፌስ ይዛችሁ ሦስቴ የተመላለሳችሁ ከሆነ ጉዳዩ የእናንተም ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በዕብራይስጥ «ኮኣሕ አዳም» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለጽዳትና ለፋብሪካ ሥራ ሰው እየሰበሰበ የሚልከውን ኮንትራክተር ነው። ቃሉ በቀጥታ «የሰው ኃይል» ማለት ነው። እኛ ግን የምናወራው ስለሌላው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስላለውና አሁን አሁን «ማሽአቤ ኤኖሽ» ስለሚባለው ክፍል ነው። አገር ቤት በመንግሥት ሥራ የነበራችሁ «ፐርሶኔል» ሲባል ታስታውሱ ይሆናል። ማን እንደሚቀጠር፣ የት እንደሚመደብ፣ ምን እንደሚማር፣ ሲወጣ ማን እንደሚተካው የሚከታተለው እሱ ነው።

አሠራር የምንለው ደግሞ አንድ ጉዳይ በበር ገብቶ እስኪያልቅ የሚያልፍበትን መንገድ ነው። እስቲ ድግስን አስቡ። ጠላ የሚጠምቅ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ ወጥ የሚሠራ፣ እንግዳ የሚቀበል፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። እንጀራው መሀል ላይ ቢያልቅ ምጣድ መጨመር ላይፈይድ ይችላል፤ የጠፋው ውሃ የሚቀዳ ሰው ሊሆን ይችላላ! መሥሪያ ቤቶች ግን ወረፋ ሲበዛባቸው ቶሎ የሚሮጡት አዲስ ኮምፒውተር ወይም የቶር ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ለመግዛት ነው። ያው ምጣድ መጨመር ነው።

በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት መንገድ ተሞክሯል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2000ዎቹ ዓመታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ»፣ በአጭሩ ቢፒአር የሚባል ሥራ ውስጥ ገቡ። ከመስኮት መስኮት የሚያንከራትተው ጉዳይ አንድ ቦታ ይለቅ ነው ሐሳቡ፤ ሐሳቡ ደግ ነበር። ነገር ግን ከጥናቱ ጋር የሠራተኛ ድልደላ አብሮ መጣ። ሠራተኛው «እኔስ የት ልወድቅ ነው?» ማለት ጀመረ። የሚፈራ ሠራተኛ ደግሞ ሥራው የት ጋ እንደሚንጓተት ቢያውቅ እንኳ አፉን አይከፍትም።

ሁለተኛው ካይዘን ነው። ቃሉ የጃፓን ነው፤ መሻሻል ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2008 የጃፓንን ድጋፍ ጠየቁ፤ ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። እዚህ ላይ ለውጡ የሚጀምረው ከታች ነው። ሠራተኞች በትናንሽ ቡድን ተቀምጠው የገዛ ሥራቸውን እንከን ያወጣሉ። በጃፓኑ የቶዮታ ፋብሪካ እንዲያውም ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፤ አለቃው ይመጣል፤ ካስፈለገ ሥራው ይቆማል። ገመዱን የሳበው ሰው አይቀጣም። የሰው ኃይል ክፍል ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ እውነት የተናገረ ሠራተኛ እንዳይጎዳ መጠበቅ።

በኛ ሚስራዶችስ ገመዱን መሳብ ያለባት ማን ናት? ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ፈኪዳ ናት። የተላከው ደብዳቤ አዛውንቱ የሌላቸውን ወረቀት እንደሚጠይቅ በየቀኑ ታያለች። ግን ማን ጠየቃት? ሥራዋ የሚለካው በቀን ስንት ሰው በመሸኘቷ ብቻ ከሆነ «ነገ ይምጡ» ማለት ያተርፋታል። አንድ ሰው ሦስቴ ሲመላለስ ሦስት ሰው ያስተናገደች ይመስላል እኮ።

ከሁሉ የሚከፋው የትርጉም ነገር ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ኮሪደር የምትጠርገው ሴት መጥረጊያዋን አስቀምጣ ትጠራለች፤ ወይም የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ይመጣል። እናት የማኅፀን ሕመሟን በልጅ ልጇ አፍ እንዴት ትናገር? ግማሹን ትውጠዋለች። ሐኪሙ ወይም የማኅበራዊ ሠራተኛዋ የተሟላ መልስ ያገኙ ይመስላቸዋል፤ ፋይሉ ግን በጎዶሎ ነገር ተሞልቶ ይዘጋል። የምታስተረጉመው የጽዳት ሠራተኛም ብትሆን ደግ ሠራች እንጂ ሥራዋ አይደለም፤ አልተከፈላትም፣ ምሥጢር ስለመጠበቅ ያስተማራት የለም። ትርጉም ውለታ ሳይሆን ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ደግሞ መደብ፣ ደመወዝ፣ ሥልጠና፣ ሠራተኛዋ ወሊድ ስትወጣም ተተኪ ያስፈልገዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው።

ይህ በዚህ አገር ተሞክሯል። ከ1998 ጀምሮ «ረፉአ ሽሌማ» በሚባለው ፕሮግራም ከማኅበረሰባችን የተውጣጡ ሜጋሽሪም ሠልጥነው በኩፓት ሖሊም ክሊኒኮች ተመደቡ። ቃል ብቻ አይደለም የሚያሻግሩት። «ልቤን አመመኝ» ያለ ሰው ሆዱን ወይም ሐዘኑን ሊሆን እንደሚችል ለሐኪሙ ያስረዳሉ። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማት በቋንቋም በባህልም ለሕዝቡ የተመቹ እንዲሆኑ መመሪያ አወጣ፤ ሠራተኛ ማሠልጠንም እዚያው አለበት። በዚያው ዓመት ክኔሴት የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ተወላጆች በሕዝብ አገልግሎት ተገቢ ቦታ እንዲያገኙ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ ጥሩ ነው። ሆኖም አማርኛ የሚችለው ሠራተኛ መዝገብ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ለቁጥሩ ይጠቅም ይሆናል፤ ለወረፋው አይጠቅምም።

ሌላው ርክክብ ነው። እዚህ ኪርያት ጋት ኢንቴል የሠሩ ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ ሥራው ሌት ተቀን በፈረቃ ስለሆነ የሚወጣው ለሚገባው ሳያስረክብ አይሄድም። የማኅበራዊ ሠራተኛ ስትቀየር ግን ብዙ ጊዜ አዛውንቱ የባላቸውን ሞት፣ የልጃቸውን መታመም፣ የመንገዱን ስቃይ እንደ አዲስ ይተርካሉ። በአንድ ወገን አሠራር ይባላል፤ በሌላው ወገን ቁስል መነካካት ነው። ሠራተኛ ሥራ ከመልቀቁ በፊት ለርክክብ ቀን መመደብ፣ ብዙ ወጪ የለውም።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ያኔውኑ ተናገሩ፤ በሄዳችሁበት ቀን ብቻ አይደለም። የሰጣችሁትን ወረቀት ሁሉ ቅጂ ያዙ፤ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ቀኑን አስጽፉ። ከመነሳታችሁ በፊት «ከዚህ ወዲያ ፋይሌ ማን ጋ ይሄዳል? መልሱ መቼ ይመጣል?» በሉ። በ2008 በወጣ ሕግ መሠረት በየዒሪያው የሕዝብ ቅሬታ የሚቀበል ሰው መኖር አለበት። ስታመለክቱ «አያከብሩንም» ብቻ ብትሉ፣ እውነት ቢሆንም፣ አለቃው የሚያስተካክለውን ነገር አያገኝም። «በዚህ ቀን፣ እዚህ መስኮት፣ ቀድሜ የሰጠሁትን ወረቀት እንደገና አምጪ ተባልኩ» ካላችሁ ግን እንከኑ የቱ ጋ እንዳለ በጣት አሳያችሁት። የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር የስልክ መስመርም 118 ነው።