ከሜዳው ወደ ዳገቱ፦ በየትኛውም ዕድሜ ስፖርት ለመጀመር

ጎሕ ሲቀድ አዲስ አበባ ውስጥ ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር አስፋልት ዳር ሶምሶማ የሚሮጡ ወጣቶች አይጠፉም። እነሱን አይቶ በማግሥቱ የእንጦጦን ተራራ ልውጣ ብሎ የተነሣ ሰው ግን ጉልበቱን ይዞ ይመለስና በሳምንቱ ይተወዋል። ስፖርት በ10 ዓመትም በ70 ዓመትም ይጠቅማል፤ ልብን ያበረታል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ የሚሠራ ጡንቻም ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። ዋናው አጀማመሩን ማወቅ ነው።

1. ጤናዎን ይወቁ። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

2. ሰዓትና መንገድ ይምረጡ። ነጋ ሲል፣ መኪና ሳይበዛ ይውጡ። ከዋናው አስፋልት ጭስ ይልቅ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ይሻላል።

3. በሜዳው ይጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ይራመዱ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። በአምስተኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ይደርሳሉ። ይህን በሳምንት አምስት ቀን ካደረጉ 150 ደቂቃ ይሞላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ የሚመክረው ይህንኑ ነው። ልጆች ግን በቀን 60 ደቂቃ መሮጥና መጫወት አለባቸው።

4. ፍጥነትዎን በትንፋሽዎ ይለኩ። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎ ልክ ነው። ማውራት ካቃተዎ ቀስ ይበሉ። ደረትዎን ከተጫነዎ ወይም ካዞረዎ ወዲያው አቁመው ሕክምና ይሂዱ።

5. ጡንቻዎን አይርሱ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ ይነሡና ይቀመጡ። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ የሰውነት ሚዛንዎን በሳምንት ሦስት ቀን ያለማምዱ፤ የበሩን መቃን ይዘው በአንድ እግር መቆም ከመውደቅ ያድናል።

6. ዳገቱን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ሁለት ወር ከሞላዎ በኋላ ወደ የካ ተራራ ወይም በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ይውጡ። እንጦጦ አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከተማ ውስጥ ያልደከመዎ እርምጃ እዚያ ያደክምዎታል። ሽቅብ ሲወጡ እርምጃዎን ያሳጥሩ፤ ቁልቁል ሲወርዱም አይሩጡ፣ ጉልበት ይበልጥ የሚጎዳው በመውረዱ ነው። ጫካ ውስጥ ብቻዎን አይግቡ።

እናቴ የጀመረች ዕለት ከበራችን እስከ ሱቁ ደርሳ፣ ስትመለስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አርፋ ነበር። ዛሬ ያን ድንጋይ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ታልፈዋለች። እንጦጦን አልወጣችም፤ ግን የገበያዋን ዕቃ የሚሸከምላት ሰው መጠበቅ ትታለች። እርስዎም ነገ ጠዋት ከበርዎ 10 ደቂቃ ብቻ ይውጡ።