ቁስልን ስለማስቆጣት፦ ለእህቴ ልጅ

የእህቴ ልጅ፣ ጆሮሽን ሁለተኛ ቦታ ላይ ልታስበሺ መሆኑን ሰማሁ። እባጭ የበቀለበትን የእናትሽን ጆሮ እያየሽ አድገሽ እንዴት ደፈርሽ አልልሽም፤ ወጣትነት ነው። ግን ዕድሜዬን ሁሉ ቁስል ሳጥብና ሳሽግ የኖርኩ ነርስ ነኝና ከመሄድሽ በፊት ይህን አንብቢልኝ።

1. መቆጣትን በደፈናው አትጥዪው። ቆዳ ሲቆረጥ መጀመሪያ ደሙ ይረጋል፤ ወዲያው ስፍራው ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህን ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ቁልጭ ብሎ ስለማይታይ ሙቀቱን በታጠበ እጅሽ ጀርባ መርምሪው። በመጀመሪያው ቀን ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ደርሰው ተህዋስያንን ይዋጋሉ፤ ቀጥሎ የሚመጡት ማክሮፋጆች የሞተውን ሥጋ ይጠርጋሉ፣ አዲስ ሥጋ የሚሠሩትንም ሴሎች ይጠራሉ። ይህ የጥቂት ቀናት ሥራ ካልተሠራ ቁስል አይሽርም። ፊት ለማቅላት በየሱቁ ከሚሸጠው የስቴሮይድ ቅባት ትኩስ ቁስል ላይ መቀባት መጥረጉንም መጠገኑንም ያዘገያል።

2. የሚያስፈራው ሳይበርድ የሚቆይ ቁጣ ነው። በደህና ቁስል ላይ ቁጣው ይበርድና ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሴሎች ኮላጅን ይሠራሉ፤ ከዚያ ዓመት ወይም ከዚያም በላይ በሚወስድ ጊዜ ጠባሳው እየለዘበ፣ ጠፍጣፋ እየሆነ ይሄዳል። ቁጣው ካልበረደ ግን እነዚያ ሴሎች ግድግዳው ካለቀ በኋላም ድንጋይ መደርደሩን እንዳልተወ ግንበኛ ይሆናሉ። ክምሩ በቁስሉ ወሰን ውስጥ ከቀረ ከፍ ያለ ጠባሳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ውሎ አድሮ ራሱ ይሟሽሻል። ወሰኑን አልፎ ወደ ደህናው ቆዳ ከገባ ኬሎይድ ነው፤ ይህኛውን ራሱ ይጠፋል ብለሽ አትጠብቂው።

በቶኪዮ የኒፖን ሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪም የሆኑት ሬይ ኦጋዋ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የሁለቱም መነሻ በቆዳው ጥልቅ ንጣፍ ውስጥ ሥር የሰደደ ብግነት ነው ይላሉ። እኔን ያሳመነኝ የቦታው ነገር ነው። ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቆዳቸው የሚወጠረው ደረት፣ ትከሻና የላይኛው ጀርባ ኬሎይድ ያበዛሉ፤ የዓይን ሽፋን ላይ ግን እምብዛም አይገኝም። ውጥረቱ ቁጣውን እንዳይተኛ ያደርገዋል። የጆሮ ጫፍስ? እሱ እንኳን አይወጠርም። እዚያ ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ጉትቻውን እያወለቁ መልሶ ማስገባትና በዚያው የሚገባው ኢንፌክሽን ናቸው። አንድ የሚደንቀኝ ነገር ልጨምርልሽ፦ በማሕፀን ያለ ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቆዳው ቢቆረጥ ያለ ጠባሳ ይድናል፤ ያን ጊዜ ቁስሉ ላይ የሚነሣው ብግነት እጅግ ጥቂት ነው።

3. ቁስል ላይ የቡና ዱቄት አትነስንሺ፣ ቅቤም አትቀቢ፤ አልኮልና ፐርኦክሳይድም በየቀኑ አታፍስሺበት። የፊተኞቹ ባዕድ ነገር ያስገባሉ፣ የኋለኞቹ አዲሱን ሴል ይገድላሉ፤ ሁሉም ያስቆጣሉ። ንጹሕ ውሃና ሳሙና ይበቃል፤ ከዚያ ስስ ቫዝሊን ቀብተሽ በንጹሕ ጎዝ ሸፍኚው። «ነፋስ ይንካው፣ ይድረቅ» የሚሉሽን ጎረቤቶች በአክብሮት ስሚያቸውና ሸፍኚው። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክሮ፣ እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል በአየር ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ እንደሚለብስ አሳይቷል።

4. የዳነ ጠባሳ ማሳከክ ወይም መውጋት ከጀመረ አትፎክቺው፣ አትናቂውም። ቁጣው ውስጥ ውስጡን አለ ማለት ነው። የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ያን ጊዜ ነው፤ ባቄላ እስኪያክል አይጠበቅም።

5. «ቆርጬ ልጣለው» የሚለውን ሐሳብ ተይው። እናትሽ እሱን አድርጋ ከፊተኛው የገዘፈ በቀለባት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! መቁረጥ ራሱ አዲስ ቁስል ነው፤ ያለ ሌላ ሕክምና ከተቆረጡት ኬሎይዶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ይመለሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ እዚያው እባጩ ውስጥ በሚወጋ የትሪያምሲኖሎን መርፌ ነው። አዎ፣ ስቴሮይድ ነው፤ በትኩስ ቁስል ላይ የከለከልኩሽ መድኃኒት አልበርድ ላለ ቁጣ ደግሞ ይፈለጋል። ያማል፤ አልዋሽሽም። ቆዳውን ሊያነጣና ሊያሳሳም ይችላል። መቁረጥ የግድ ከሆነ መርፌው ወይም በቀናት ውስጥ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ይከተለዋል፤ ለጆሮ ደግሞ ተጭኖ የሚይዝ ልዩ ጉትቻ አለ። በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለወራት የሚለጠፍ የሲሊኮን ልጣፍም ይረዳል፤ ትዕግሥት ለሌለው ግን ከንቱ ወጪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሆንሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ።

6. ቡዳ በላት ለሚሉሽ መልስ አትስጪ። ኬሎይድ አይጋባም፣ ካንሰርም አይደለም። በቤተሰብ ይሄዳል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበረታል፤ በእርግዝናም ጊዜ ሊብስ ይችላል። አንቺ ሁሉንም አሟልተሻል፤ እርግዝናው ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ይቆይልን። ደረትሽና ትከሻሽ ላይ የሚወጣውንም ብጉር አታፍርጪ፤ ቶሎ አሳክሚው።

7. የመጀመሪያው ቀዳዳሽ በሕፃንነትሽ የተበሳ ነው፤ ያኔ በሰላም ማለፉ ለአሁኑ ዋስትና አይሆንሽም። ቆንጥጦ የሚይዝ፣ መበሳት የማይፈልግ ጉትቻ መርካቶ ሞልቷል። መርጠሽ ደውዪልኝ፤ ከፋዩ እኔ ነኝ።